የእናቴን የስፌት መኪና ወደ ሥራዋ ለመለሱልኝ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መርካቶ ውስጥ የስፌት መኪና በመጠገን ለሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ምስጋናዬን ለማቅረብና እንደ እኔ መርፌና ክር ለምትወዱ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። እርሳቸውን ባላገኝ ኖሮ እናቴ እኛን ልጆቿን እየሰፋች ያለበሰችበት ሲንጀር ዛሬ በብረት ዋጋ ተሸጦ ነበር፤ ጀምሬ ያልጨረስኳቸው ሦስት ሥራዎችም ሳጥን ውስጥ ታጥፈው ይቀሩ ነበር።

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ አልጋ ልብስ እሰፋለሁ፤ ጥልፍም እጠልፋለሁ። በውጭ አገር ኩዊልት የሚሉት ይህ ሥራ ከላይ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከመሀል የሚያሞቅ ሙል፣ ከሥር ደግሞ ገበር ተነጥፎ ሦስቱ በአንድ ስፌት የሚያያዙበት ነው። እናቴ ግን በአንድ ቃል «ድሪቶ» ትለዋለች። ድሪቶ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ችግር ነው፤ ለእኔ ግን ያለቀውን ልብስ ላለመጣል ሲሉ በመርፌ የታገሉትን እናቶች የሚያስታውሰኝ ቃል በመሆኑ ሥራዬን በዚሁ ስም መጥራት ደስ ይለኛል።

አሁን በእጄ ላይ ካሉት ሥራዎች ትልቁ እናቴ ለብሳ ከጨረሰቻቸው ነጠላዎች ጥለትና ከእህቴ የሠርግ ቀሚስ ትርፍራፊ የምሠራው አልጋ ልብስ ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ 48 አራት ማዕዘን፣ ስድስት በስምንት ተደርድሮ፣ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር የሚሆን አልጋ ልብስ ይወጣዋል። ሁለተኛው በመስቀል ጥልፍ የማስጌጠው የትራስ ልብስ ሲሆን ይህንን በእጄ ነው የምጠልፈው፤ ዲኤምሲ የተባለው የጥልፍ ክር ስድስት ፈትል ስላለው እየለያየሁ ሁለት ሁለቱን ብቻ በመርፌ አስገባለሁ። ሦስተኛው ለወንድሜ ሕፃን ልጅ የጀመርኩት ትንሽ ብርድ ልብስ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ከ48ቱ ሃያ ሦስተኛውን እየሰፋሁ ሳለ መኪናዋ ስፌት መዝለል ጀመረች። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው መስመር ጨርቁ ሲገለበጥ ክሩ ተተብትቦ ይገኛል፤ ቆይታም በየጥቂት ስፌቱ ክር ትበጥስ ጀመር። መርፌ ቀየርኩ፣ ክር ቀየርኩ፣ ለውጥ አልመጣም። ወደ አንድ የጥገና ቤት ወሰድኳትና ሁለት ሳምንት ካስቀመጧት በኋላ የዚህች መኪና ዕቃ ከገበያ ስለጠፋ ልትጠገን አትችልም፣ እዚሁ ትተሻት አዲስ ብትገዢ ከዋጋው ላይ ትንሽ እንቀንስልሻለን አሉኝ። እናቴ ይህን ስነግራት ምንም አልመለሰችልኝም፤ ተነስታ የመኪናዋን የእንጨት ክዳን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ሳይ ግን ሌላ ባለሙያ ሳልጠይቅ ላለመተው ወሰንኩ።

ጋሼን የጠቆመኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ሥራ ቦታቸው ከአንድ ሰው በላይ የማያስቆም ጠባብ ክፍል ሲሆን ግድግዳው ላይ ቀበቶዎች፣ የመኪና እግሮችና በየቆርቆሮው የተለዩ ብሎኖች ተሰቅለዋል። መኪናዋን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ካቻቢቴ ለማንሳት አልቸኮሉም። መዘውሩን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው እያዞሩ፣ ጆሯቸውን ወደ መኪናዋ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያም ቀና ብለው «ልጄ፣ ይቺ ታማ አይደለም፤ ታንቃ ነው» አሉኝ።

እውነትም ታንቃ ነበር። ከመርፌዋ ሥር ያለውን የብረት ሳህን ፈትተው ጨርቁን ወደ ኋላ በሚስበው ጥርስ ሥር ተጠቅጥቆ የደረቀውን የጥጥ ብናኝ በወረንጦ እየነቀሉ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አውራ ጣቴን የሚያህል ነበር። የሸማ ማግ በእንዝርት የሚፈተል ልል ጥጥ በመሆኑ ከፋብሪካ ጨርቅ የበለጠ ብናኝ ይጥላል፤ ስለዚህ ሸማ የሚሰፋ ሰው ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ) ባለቀ ቁጥር ያንን ቦታ በብሩሽ መጥረግ እንዳለበት ያስረዱኝ ያኔ ነው። ለዓመታት ሸማ ስሰፋ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥለው ስፌቱን ያዘለላት ዋናው ምክንያት ሌላ መሆኑን አሳዩኝ። መርፌዋ እስከ ታች ወርዳ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መነሳት ስትጀምር ክሩ ከጀርባዋ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር ሆኖ ክሩን የሚቀበለው የመንጠቆ ጫፍ በዚያች ቅጽበት ከመርፌዋ ዓይን ጥቂት ከፍ ብሎ በማለፍ ቀለበቱን ካልያዘ የላይኛውና የታችኛው ክር አይገናኙም። መርፌዋን የሚይዘው ዘንግ ብሎኑ ላልቶ ዝቅ በማለቱ መንጠቆው ክሩን እየሳተው ነበር። ጋሼ መብራቱን አቅርበው፣ መዘውሩን እየመለሱና እያመላለሱ፣ ዘንጉን የፀጉር ያህል ከፍ ሲያደርጉና ደግመው ሲለኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለምን እንደሚያደርጉት ሳይነግሩኝ የነኩት ነገር አልነበረም።

ዕቃው ጠፍቷል የተባለውን በተመለከተ፣ መኪናዋ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብበው ሞዴሏ 15ኬ እንደሆነ፣ «ኬ» የሚለውም በስኮትላንድ ክላይድባንክ ይገኝ በነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ መሠራቷን እንደሚያመለክት ነገሩኝ። ፋብሪካው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተዘግቷል። ይሁን እንጂ የ15 ቁጥር ሲንጀር አሠራር በጃፓንና በቻይና በብዛት ስለተቀዳ፣ ቢራቢሮ የምንለው የቻይና መኪና የቦቢን ቤት ለእርሷም ይሆናል። የእኛዋን የቦቢን ቤት አውጥተው በአጉሊ መነጽር ሲያሳዩኝ ክሩ የሚወጣበት ከንፈር ላይ ራሱ ክሩ ባለፉት ዓመታት የቦረቦረው ስስ መስመር ይታይ ነበር። አዲሱን ከጎረቤት ሱቅ አስመጥተው ገጠሙት። እዚያው ሆኜ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ረገጥ ረገጥ ሳደርጋት ከላይም ከታችም እኩል የሆነ፣ አንድም ያልዘለለ መስመር ወጣ። አሮጌውን የቦቢን ቤት ጠቅልለው «ይኼን ለእናትሽ ስጫት፤ የእርሷ ሥራ ነው» ሲሉኝ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ውለታቸው በጥገናው አላበቃም። ስለምሰፋው ነገር ጠይቀውኝ ለአልጋ ልብሱ ሙል እንዲሆነኝ አሮጌ ጋቢ መሀል ላይ እንዳስገባሁ ስነግራቸው፣ ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ ከጥለቱና ከገበሩ ጋር ሲደመር ለዚህች መኪና ከባድ እንደሚሆን፣ ዘንጉንም ያላላው ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹልኝ። «ጋቢውን ፍቺውና ሁለቱን እጥፍ ብቻ አስገቢ፤ ብርዱንም ይችላል፣ መኪናዋም አትቸገርም» አሉኝ፤ እንዳሉትም አደረግሁ። ለነጠላው ስስ ክፍል 70 ቁጥር፣ ለወፍራሙ መጋጠሚያ ደግሞ 90 ቁጥር መርፌ እየቀያየርኩ እንድጠቀም፣ ጥለቱ ጠርዙ እንዳይተረተር ከጀርባው ስስ ጨርቅ ደርቤ እንድሰፋው የመከሩኝም እርሳቸው ናቸው። ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ግን በመኪና መጥለፍ እንደምፈልግ ሲሰሙ ከስስ ቆርቆሮ ቆርጠው የሠሩልኝ ክዳን ነው። ጥርሱን ስለሚሸፍነው ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥሬ ወደፈለግሁበት አቅጣጫ በእጄ እያንቀሳቀስኩ አበባና ሐረግ መጥለፍ ችያለሁ። ለቆርቆሮው ክፍያ አልተቀበሉኝም፤ ለጠቅላላው ጥገና የጠየቁኝም የመጀመሪያው ቤት አዲስ መኪና ግዢ ብሎ ከጠራልኝ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ወደ እርሳቸው ለምትሄዱ ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ጋሼ የሚሠሩት በእግር የሚረገጡና ተራ የኤሌክትሪክ ሞተር ያላቸውን መኪናዎች ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠሩትን የጥልፍ መኪናዎች እንደማይነኩ በግልጽ ይናገራሉ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ወረፋው ረዘም ይላል፤ እኔ አምስት ቀን ጠብቄአለሁ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ብትሄዱ ጊዜ ወስደው ያነጋግሯችኋል። መኪናችሁን ስትወስዱ የምትሰፉትን ጨርቅና የምትጠቀሙበትን ክር ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ መልሰው ይልኳችኋል፤ መኪና የሚስተካከለው በሚሰፋው ጨርቅ ላይ ተሞክሮ እንጂ በባዶው አይደለም ብለው ያምናሉና። ልጆቻችሁን ሙያውን ለማስተማር የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ እጃቸው ሥር ሆኖ የሚማር ትዕግሥተኛ ወጣት እንደሚፈልጉ ነግረውኛል።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ ነግረውኛልና፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከ48ቱ 37ቱን ጨርሻለሁ፤ እናቴም ዓይኗ ቢደክምም ከአጠገቤ ተቀምጣ የትኛው ጥለት ከየትኛው ነጠላዋ እንደተቆረጠ በእጇ እየዳሰሰች ትነግረኛለች። የቀሩትን አሥራ አንዱን ሰፍቼ ስጨርስ አልጋ ልብሱን ይዘንልዎ እንመጣለን፤ እናቴ በእጅዋ ልታሳይዎ ትፈልጋለች።

የሥራ ቦታቸውን አድራሻ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በፈቃዳቸው እልክላችኋለሁ።