ጥቁር ስቲከር ወይስ ብርማ? ለአዳማ ፀሐይ የሚሆነው

ቤት የሚሠራ ወዳጅ ሁሉ «የመስኮትህን ስቲከር ስንት አስለጠፍከው?» ይለኛል። ብርማውን ግዙ፣ ጥቁሩን ተዉት። ሁለቱንም ገዝቼ ነው ያወቅኩት።

የሳሎኔ ሦስት መስኮቶች ወደ ምዕራብ ያያሉ፤ በድምሩ 5.4 ካሬ ናቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ አያግዳትም፣ ቀጥ ብላ ሶፋው ላይ ታርፋለች። ከፊት ለፊት ደግሞ ጎረቤት ፎቅ ሠራ፣ ሳሎኔ ይታየዋል። ጥቁሩን በካሬ በ350 ብር አስለጠፍኩ፤ 1,890 ብር። ርካሽ መስሎኝ።

ጥቁሩ ሙቀት የሚከለክል ይመስላል እንጂ የሚበዛው ሥራው መምጠጥ ነው። መስታወቱ ይግልና ሙቀቱን ወደ ቤት ይለቀዋል፤ አመሻሽ ላይ እጄን ሳሳርፍበት ምጣድ ነበር። ሁለት ክረምት ሳያልፈው ቀለሙ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ጠርዙ ተላጠ፣ መሃሉ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ሲነሳ ሙጫው ቀረ፤ በሳሙና ውሃና በምላጭ ሲፋቅ ዋለ፣ ለሠራተኛው 1,500 ብር። ከዚያ ብርማውን በካሬ በ900 ብር፣ 4,860 ብር። ጠቅላላ 8,250 ብር። መጀመሪያውኑ ብርማውን ብገዛ 3,390 ብር ይተርፈኝ ነበር።

ብርማው ፀሐይዋን ገና መስታወቱ ላይ ይመልሳታል። ቀን ጎረቤት የሚያየው የራሱን ፎቅ ነው። ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ መብራት ስታበሩ ከውጭ ያለው ያያችኋል፣ እናንተ አታዩትም። «ማታም አይታይም» የሚል ሻጭ አትመኑ። ለዚህ 9 ሜትር ድፍን የመጋረጃ ጨርቅ በሜትር በ300 ብር ገዛሁ፣ 2,700 ብር። መጋረጃ ብቻውን አይበቃም ወይ ትሉ ይሆናል። መስታወቱን ካለፈ በኋላ የሚጋረድ ሙቀት ቤት ገብቷል፤ ቀኑን ሙሉም በጨለማ መቀመጥ አለ። ለመታጠቢያ ቤት ብቻ ነጩ ብዥ ያለው ይሻላል፤ ቀንም ማታም ይሸፍናል፣ ሙቀት ግን እምብዛም አይቀንስም።

ብርማውም ኮፒ አለው። ቁራጭ ተቀበሉና በቀትር ከጉንጫችሁ ፊት ያዙት፤ ቃጠሎው ወዲያው ካልቀነሰ አትግዙ። በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ብሩ ከተላጠ መልሱት።

አዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት፣ አቧራው አያርፍም። ስለዚህ በማለዳ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ አስለጥፉ። የውሃ አረፋ በሳምንታት ይደርቃል፣ ከሥሩ የገባ አቧራ ግን እዚያው ይቀራል። አንድ ወር ያህል አትወልውሉት።

በሰሜንና በደቡብ ያሉትን መስኮቶቼን አልነካኋቸውም። ፀሐይዋ እነሱን ከላይ ስለምታልፍ ክፈፉ ይበቃቸዋል፤ የእነሱን ድርሻ ብር ለመጋረጃው አዋልኩት።