ያገለገለ ሃርድቶፕና የመለዋወጫ ሳጥኑ በወሎ ዳገትና በአፋር ሙቀት፦ የወራት አገልግሎት ግምገማ

ኮምቦልቻ ተቀምጦ አንድ ጊዜ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ለሚወርድ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከደሴ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ ለሚወጣ ሰው መኪና መምረጥ ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ መንገዶች ከመኪና የሚጠይቁት ፈጽሞ የተለያየ ነውና። ለዚህ ሥራ የገዛሁት ያገለገለ ቶዮታ ላንድክሩዘር 78፣ በተለምዶ ሃርድቶፕ የምንለው ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ የናፍጣ ሞተር አለው። ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፤ የናፍጣ ፓምፑም ሜካኒካል በመሆኑ ጥገናው የኮምፒውተር ምርመራ አይፈልግም። ስለ መኪናው ያለኝ አስተያየት በጎ ነው፤ ሆኖም መንገድ ላይ መቆምንና መቀጠልን የሚወስነው ከመኪናው ስም ይልቅ በውስጡ የተጫነው የመለዋወጫ ሳጥን ስለሆነ በእሱ ላይ አተኩራለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ከፍታ መናገር ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ አካባቢ የሚሰጠው ጉልበት በፋብሪካው ከተገለጸው ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት በጭነት ሲወጡ በከባድ ማርሽ መጎተትና መጠነኛ ጥቁር ጭስ ማየት በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። በደሴ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ውኃ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው በዋናነት የራዲያተሩ ታፖ (ክዳን) ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝለት ነው። ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ታፖ የገጠመ መኪና ሜዳ ላይ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል፤ ባለቤቱም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተር ራስ ማሸጊያ) ተቃጠለ ብሎ ሞተር ለማስፈታት ይነሳል። በእጅ የሚገጠምና ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ አዲስ ታፖ ሳይዝ ከከተማ የሚወጣ ሰው ምክንያቱ አይገባኝም።

ለሳጥኑ ዕቃ ስመርጥ የተከተልኩት መስፈርት ዋጋ ሳይሆን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ዕቃው ሲበላሽ መኪናውን ያቆማልን፣ ደግሞስ መንገድ ዳር በእጅ መሣሪያ ይገጠማልን? ሁለቱንም የሚያሟሉት አብዛኞቹ የጎማ ውጤቶች ናቸው። የቬንትሌተሩና የአልተርኔተሩ ቺንጋ (ቀበቶ) ጥንድ ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ሁለቱም በአንድነት መቀየር አለባቸው፤ አሮጌውና አዲሱ አብረው ሲሠሩ ጭነቱ ወደ አዲሱ ያጋድላል። የላይኛውና የታችኛው የራዲያተር ማኒኮቶ (የውኃ ቱቦ) ከማሰሪያዎቻቸው ጋር፣ ቢያንስ ሁለት የናፍጣ ማጣሪያ፣ የተለያየ አምፔር ያላቸው ፊውዞችና የፍሬን ዘይት ይከተላሉ። በማጣሪያው ላይ ከተማ ውስጥ ጥሩ ስም ካለው መደብር የገዛሁት እንኳ ጎሚኒው በትክክል ስላልተቀመጠ አየር ያስገባ ስለነበር፣ አሁን ማንኛውንም ማጣሪያ ቤት ውስጥ ገጥሜ፣ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጥቼና ሞተሩን አስነስቼ ሳልፈትሽ ወደ ሳጥኑ አልመልሰውም። የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ከተጫነ 54 ሚሊ ሜትር የሆነው የዳዶ መፍቻው አብሮ መጫን አለበት፤ ያለዚያ ኩሽኔታው ባዶ ሸክም ነው። ዲናሞ፣ የውኃ ፓምፕና ባሌስትራ (ተነባባሪ የብረት ሞላ) ግን አልይዝም፤ ኮምቦልቻ የከባድ ተሽከርካሪ መተላለፊያ በመሆኗ የባሌስትራ ሠራተኛ አይታጣም፣ የተሰበረውንም በእንጨትና በሰንሰለት ደግፎ ቀስ እያሉ ከተማ መድረስ ይቻላል።

ጎማውን 7.50 በ16 ባለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ ያለው) ነው የመረጥኩት። ውበት የለውም፣ በአስፋልት ላይም ይንጫጫል፤ ነገር ግን ማንኛውም የገጠር ከተማ ጎሚስታ ያለ ማሽን ፈትቶ ይለጥፈዋል። ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ባለ ቀለበት ከሆነ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀለበቱን መንካት ሕይወት ሊያሳጣ እንደሚችል ለረዳት ሁሉ መነገር አለበት። ስለ ንፋስ ልኬት ሰዎች ሲከራከሩ የምሰማው ብዙ ጊዜ አንዱን ወገን ብቻ ነው። ከደሴ ብርድ ወደ ሚሌ ቀትር ሲወረድ ሙቀቱ የጎማውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በአንጻሩ ቆላው ላይ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር የመለኪያው ንባብ ከከፍታው ለውጥ ብቻ 3 ፒ ኤስ አይ ያህል ዝቅ ይላል። ሁለቱ በአብዛኛው እርስ በርስ ስለሚካካሱ ጎማው ገና በሞቀበት ሰዓት ንፋስ መቀነስ አያስፈልግም፤ በማግስቱ ማለዳ ከመነሳት በፊት መለካቱ ይበቃል። አሸዋ ላይ ግን መቀነሱ ግድ ነው፤ ባለ ካላማዳሪ ጎማ ከልክ በላይ ሲላላ ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ስለሚቆርጥ በመጠኑ እቀንሳለሁ፣ ለመልሶ መሙያም በባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር እይዛለሁ።

ፖርቶመጋላው (የጣራ ዕቃ መጫኛው) ላይ ነዳጅ መጫን አልወድም። ሃያ ሊትር ናፍጣ ብቻውን ወደ 17 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህ ክብደት ጣራ ላይ ሲወጣ ጎንዮሽ በሚያጋድል መንገድ መኪናውን ይበልጥ ያወዛውዘዋል። የእኔ መኪና ሁለት ባለ 90 ሊትር ታንኮች አሉት፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 15 ሊትር ቢበላ እንኳ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያስኬድ ጀሪካን የምይዘው ለመጠጥ ውኃና ለራዲያተር ብቻ ነው።

ያገለገለ ሃርድቶፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹንና የፒስቶኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅ። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት ይህ ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የመለዋወጫ ሳጥን መንገድ ላይ አይጠግነውም። ሻጩ የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለው፣ እኔ እንዳደረግኩት፣ ቺንጋውንና መወጠሪያውን አስቀይሮ የኪሎ ሜትሩን ንባብ ኮፈኑ ሥር በቀለም መጻፍ ይሻላል።