ባለኪስ ሰሌዳ ለሰዋስው ትምህርት፦ ሰሌዳው ይገዛ፣ ካርዶቹ ይቀየሩ

ለተግባር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወጣ ዕጩ መምህር ለአማርኛ ሰዋስው ሊገዛቸው ከሚችላቸው መርጃ መሣሪያዎች አንዱ ባለኪስ ሰሌዳ ነው። ጨርቅ ላይ አግድም የተሰፉ የላስቲክ ኪሶች አሉት፤ የቃል ካርዶች ይሰኩበታል። የምንገመግመው 8 ኪስና አንድ እሽግ ካርድ ያለውን ነው። ሰሌዳው ገንዘብ ቢወጣበት አያስቆጭም፤ ካርዶቹ ግን የአማርኛን ጠባይ ሳያውቁ የተሠሩ ናቸው።

ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ባለቤትንና ተሳቢን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር አናውቅም። «ውሻው»፣ «ልጁ»፣ «ን»፣ «ነከሰው» የሚሉ 4 ካርዶች ሰክተው «ውሻው ልጁን ነከሰው» ያስነብቡ። ከዚያ «ልጁን» ወደ ፊት ያምጡት፦ «ልጁን ውሻው ነከሰው»። የተነከሰው ያው ልጁ ነው። አሁን «ን»ን ብቻ ነቅለው ከ«ውሻው» ጎን ይሰኩ፦ «ልጁ ውሻውን ነከሰው»። ክፍሉ ይስቃል፤ የሚስቀውም የ«ን» ሥራ ስለገባው ነው። «ተሳቢ» የሚለው ስም የሚነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ጀማሪ መምህር ግን ትርጓሜውን አስቀድሞ በጠመኔ ጽፎ ያስገለብጣል፤ ልጆቹም ትርጓሜውን ሸምድደው ተሳቢውን ከዐረፍተ ነገር ውስጥ ማውጣት ያቅታቸዋል።

ትልቁ ጉድለት ያለው ብዙ ቁጥር ላይ ነው። እሽጉ «በግ» እና «ኦች» የሚሉ ካርዶች አሉት። ሁለቱን ያጋጠመ ልጅ «በግኦች» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ያየው እሱን ነው። በፊደላችን ተነባቢውና አናባቢው አንድ ምልክት ስለሆኑ «ግ» ራሷ «ጎ» መሆን አለባት። ስለዚህ በአናባቢ በሚያልቁ ስሞች ይጀምሩ፦ በሬ፣ ጫማ፣ ዶሮ፣ ገበሬ። እነዚህ «ዎች» የሚል ካርድ ሳይለወጡ ይቀበላሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «በግ» ካርድ ላይ «ግ»ን የሚሸፍን «ጎች» የተጻፈበት ታጣፊ ወረቀት በፕላስተር ይያዝ፤ ሲታጠፍ «በጎች» ይነበባል።

ግሥም እንዲሁ ነው። «መጣ»፣ «በላ»፣ «ሰማ» ከ«ች»፣ ከ«ን» እና ከ«ችሁ» ጋር ያለችግር ይገጥማሉ። «ሄደ» ግን «ሄድን» ሲል «ደ»ን ስለሚቀይር ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። «መጡ» እና «በሉ» ደግሞ ታጣፊ ይፈልጋሉ። እሽጉ ያለው አንድ ዓይነት «ን» ብቻ መሆኑም ያሳስታል፦ የ«መጣን» «ን» ባለቤትን፣ የ«ልጁን» «ን» ተሳቢን ያመለክታል። በሁለት ቀለም ይጻፉ።

ሌላው ኪሱ ነው። ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የላስቲኩ ጠርዝ ስፌት የፊደሉን እግር ይሸፍናል። «ቢ»ን ከ«ቤ»፣ «ሪ»ን ከ«ሬ» የሚለየው እግር ላይ ያለው ምልክት ስለሆነ ከኋላ ወንበር ያለ ልጅ ይገምታል እንጂ አያነብም። ካርዱን 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት አድርገው ይቁረጡ፤ ጽሑፉ ከላይኛው 7 ሴንቲ ሜትር አይውረድ። በወፍራም ጥቁር ማርከር ይጻፉ፤ ስክሪፕቶ አይታይም። ላስቲኩ ስለሚያንጸባርቅ ሰሌዳውን ከመስኮት ፊት ለፊት አይስቀሉ። ታችኛው ጠርዝ ላይ ዱላ ካልገባበት የበር ንፋስ ያገለብጠዋል።

በ40 ደቂቃ ከ12 ካርድ በላይ ይዞ መግባት ጊዜው በመፈለግ እንዲያልቅ ማድረግ ነው።

ዋጋው ከከበደ የታጠበ ነጭ ማዳበሪያና ወፍራም ላስቲክ ለልብስ ሰፊ መስጠት ይበቃል። ያኔ ኪሱን 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በኪሶቹ መካከል ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያሰፉ፤ የተገዛው የጎደለው ይኸው ነው።