«ያው ስምንት ኢንች ነው» ተብዬ የገዛሁት ዉፈር፦ ከሰባት ወር በኋላ

ይህን ዉፈር፣ ማለት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር፣ ከገዛሁ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው። አምስቱን ወር ወድጄው ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጉዱ ወጣ።

እናቴ በጾም ከበገና ሌላ አታስከፍትም። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሠፈር ያለው ቤታችን በጾም ጠዋት የሚነቃው በበገና ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ከፈትኩላት። ጥቂት አዳመጠችና «ምነው ልጄ፣ በገናው ታመመ እንዴ?» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሰማሁት። እውነቷን ነው። በገና አሥር ክር አለው፤ እያንዳንዱ ክር የየራሱ ድምፅ አለው። ዉፈሩ ከተገጠመበት ከእኔ ሳጥን ግን ወፍራም ወፍራሙ ክር ሁሉ አንድ ዓይነት «ዱም» ሆኖ ነው የሚወጣው። ያ በገናን በገና የሚያደርገው ንዝረት ከዱምታው ሥር ተቀብሯል።

ሳጥኑን የሠራሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የታመቀ የእንጨት ጣውላ)፣ ውስጡ 45 ሊትር፣ ፊቱ ላይ የአየር መውጫ ቱቦ ያለው። አናጢ ቆረጠልኝ፣ ኮላውንና ብሎኑን እኔ ሠራሁ። የቱቦውን ርዝመት ያወጣሁት ለመጀመሪያው ዉፈር አስልቼ ነበር። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ተበላሸ፣ ዉፈሩንም ይዞት ሄደ። የዉፈሩ የሽቦ ጥቅል ሲቃጠል ሽታው ሳሎኑን ሞላው። መስከረም ላይ ሌላ ልገዛ ገበያ ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ያው ስምንት ኢንች ነው። እንዲያውም ይሄ 500 ዋት ነው» አለኝ ሻጩ። 4,500 ብር ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ስገጥመው ልክክ አለ። ብሎኑ እንኳ በድሮው ቀዳዳ ገባ። ያታለለኝም ይሄው ነው።

ያንን ሻጭ ዛሬ ባገኘው የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ ኢንቹ የሚነግረኝ የቀዳዳውን ስፋት ነው። ዋቱ የሚነግረኝ ዉፈሩ ሳይቃጠል ስንት እንደሚችል ነው፤ እሱም የተጻፈው እውነት ከሆነ። ከሳጥኔ ጋር ይስማማል ወይ ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም መልስ የላቸውም። መልሱ ያለው ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ላይ ነው። አንዱ ዉፈሩ ለብቻው ሲሆን በብዛት የሚርገበገብበት ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ቁጥር) ነው። ሁለተኛው ኪውቲኤስ የሚባለው ነው፤ ያ መርገብገብ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገታ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲበዛ የሚገታው ዘግይቶ ነው። ሦስተኛው የወረቀቱን፣ ማለት ፊት ለፊት የሚርገበገበውን የዉፈሩን ክፍል፣ ልስላሴ በሊትር አየር የሚለካ ነው። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሙት ሥራ የተነሣ ነው ዛሬ ሳጥን የሚሠራ ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች የሚነጋገረው። ሻጩ ቁጥሮቹ ከሌሉት መግዛት አልነበረብኝም።

ስለዚህ ራሴ ለካሁት። ዉፈሩን ከሳጥኑ ፈትቼ በገመድ አንጠለጠልኩት። ከአምፑ የሚመጣውን ፍሰቱን በሚገድብ ሬዚስተር አሳልፌ አገናኘሁና ቮልት የሚለካውን ቴስተር ዉፈሩ ላይ አደረግኩ። ድምፅ በሚያወጣ የስልኬ አፕ ከ20 ኸርዝ ጀምሬ አንድ አንድ እያልኩ ጨመርኩ። ቮልቱ ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ 52 ኸርዝ ላይ ጫፍ ነካ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። አንደኛው ቁጥር ይሄ ነው፤ የድሮው 34 ነበር። ኪውቲኤሱን ሳሰላው ወደ 0.7 መጣ። የድሮው 0.38 ነበር፤ ባለ ቱቦ ሳጥን የሚወደውም እዚያ አካባቢ ያለውን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ከኋላ ማግኔቱን የሸፈነውን ጥቁር ላስቲክ ገፈፍኩት። ላስቲኩ መዳፌን ይሞላል፤ ከሥሩ የወጣው ማግኔት ግን ቀጭን ነው። ሆዴን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ማግኔት ለዉፈር ፍሬን ነው። ፍሬኑ ደካማ ከሆነ ወረቀቱ ቁም ሲባል አይቆምም። በእኔ ሳጥን 70 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ሁሉ ተነፍቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። አምስት ወር ሙሉ ዘፈን እየከፈትኩ «ቤዙ ይመታል» ስል ነበር። ለካ የሚመታው አንድ ድምፅ ብቻ ነው!

ሌላም ጣጣ ነበረው። ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ ይለያያል፤ የድሮው 8 ኦም፣ ይሄኛው 4 ኦም ነው። ድምፁን ለዉፈሩና ለትንሹ ስፒከር የሚያካፍለው ክሮስኦቨር ስለተዛባ የሰው ድምፅ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። እሱን ከክሮስኦቨሩ ኮይል (የሽቦ ጥቅልል) ላይ ሲሶ የሚሆን ሽቦ ፈትቼ አስተካከልኩት።

ለዱምታው ብዙ ሞከርኩ። በመጨረሻ የሠራው ነገር አሮጌ ፎጣ ነው። ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩና ቱቦውን ደፈንኩት። ሳጥኑ ሲዘጋ ውስጡ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ወረቀቱን ይይዘዋል፤ ፍሬን ያጣ ዉፈር የሚፈልገውም ያንን ነው። ውስጡም የትራስ ጥጥ ጨመርኩበት። የሳጥኑ ወለል ላይ አንድ እፍኝ የደረቀ የጣና ትንኝ አገኘሁ፤ ማታ መብራት ሲበራ በቱቦው እየገባ የቀረ ነው። ለእሱም መዝጋቱ ጥሩ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳልነግራት ከፈትኩ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። «አሁን ዳነ» አለች። ክሮቹ ተለያይተው፣ ንዝረቱም ተመልሶ ይሰማ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ በዚህ ዕቃ ከልቤ የተደሰትኩት ያን ጠዋት ነው።

እንግዛው ወይ ለምትሉኝ፣ አትግዙት። ባለ ቱቦ ሳጥን ካላችሁማ በነጻም ቢሰጧችሁ አትግጠሙት። ፎጣው በገናውን አዳነልኝ እንጂ ሥረኛውን ቤዝ ወስዶብኛል። ከበሮ ሲመታ ደረት ውስጥ የሚገባው ነገር አሁን የለም።

የድሮውን ዉፈር አልጣልኩትም ነበር። ጥቅል የሚሠራ ባለሙያ አግኝቼ ሰጥቼዋለሁ፤ እንደ ቀድሞው በ8 ኦም ይጠቀልልኛል። ለዚህኛው ሰፋ ያለ ዝግ ሳጥን እሠራለታለሁ። ባለሙያውን ግን ለፋሲካ አድርስልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ያን ዕለት ቤታችን የሚከፈተው ከበሮ ነው።