እስከ 13ኛው ዘፈን ድረስ ደህና

የካናዳዊውን ዘፋኝ የብራያን አዳምስን የዘፈን ስብስብ «ሶ ፋር ሶ ጉድ» ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ስሙ በእኛ አፍ «እስካሁን ደህና ነው» እንደማለት ነው። እውነቱን ነው፣ እስከ 13ኛው ዘፈን ድረስ ደህና ነው። ጣጣው 14ኛው ላይ ነው።

ያገለገለ ሲዲ ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ ካለች አንዲት ሱቅ በ350 ብር ገዛሁት። ልጁ ወደ መብራት አዙሮ አሳየኝ። «ኦርጅናል ነው ጋሼ፣ ጭረት የሚባል የለውም!» ጭረት አላየሁም። ለካ ዳሩን በጣቱ ይዞት ነበር።

ወራት ሙሉ ሳላውቅ የቆየሁት በመኪናዬ ቴፕ ምክንያት ነው። ሞተር ሲጠፋ የደረሰበትን ይረሳል፤ ሁልጊዜ ከአንደኛው ይጀምራል። እኔ ደግሞ ውሎዬ ከሐዋሳ ሻሸመኔ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህ በየማለዳው «ሰመር ኦፍ ሲክስቲ ናይን»። (ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻ ነው። በ1969 ሰመር ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ! ለማንኛውም ዘፈኑ ያነቃል።) ከቲና ተርነር ጋር የተጫወተው ሲመጣ ጥቁር ውሃን አልፋለሁ። «ሄቨን» ሳያልቅ ሻሸመኔ ነኝ። አንዳንዴ ብቻ 10ኛውን፣ ያንን እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 ለ16 ተከታታይ ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየውን፣ ለመስማት ስል መኪናዬን አቁሜ እንደ ሞኝ ውስጧ እቀመጣለሁ።

ፋሲካ ሰሞን ከባለቤቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ፍየሉም ጋሪውም መንገዱን ስለያዘው አርሲ ነገሌ አካባቢ 14ኛው ገባ። «ፕሊዝ ፎርጊቭ ሚ»። ሲዲውን የገዛሁት እኮ ለእሱ ነው። ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣም በፊት ከወጡት ዘፈኖች መሀል አዲሱ እሱ ብቻ ነበር። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። «ፕሊዝ ፎር... ፕሊዝ ፎር... ፕሊዝ ፎር...»

ባለቤቴ ለትንሽ ጊዜ ታገሰች።

«በቃ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አጥፋው!»

ሲዲ የሚነበበው ከመሀል ወደ ዳር ነው። የመጨረሻው ዘፈን ወደ ዳር ይወድቃል ማለት ነው፣ ሰው ሁሉ በጣቱ የሚይዘው ቦታ። የጥርስ ሳሙና ቀባ አሉኝ፣ ቀባሁ። በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ አሉኝ፣ ጠረግሁ። (እያዞራችሁ እንዳትጠርጉ። ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርጉ።) ምንም አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ፀሐይ ሳዞረው ነገሩ ገባኝ። ጽሑፉ ባለበት በኩል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ታሳልፋለች። በሚያብረቀርቀው በኩል የሚገኝ ጭረት ሊታሽ ይችላል። በጽሑፉ በኩል ግን ዘፈኑን የያዘው ስስ ሽፋን እዚያው ሥር ስለሆነ፣ እሱ ከተላጠ አለቀ።

ልጁ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ ሲዲ ማን ይሰማል? ሁሉንም በፍላሽ ልጫንልዎት!» አልፈልግም። ፍላሽ ላይ ሲሆን የእኔ ቴፕ በፊደል ተራ ነው የሚያጫውተው። ከዚያ «ሰመር» መጀመሪያ መምጣቱ ቀረ፣ ጥቁር ውሃ ላይም ቲና የለችም። እኔ መንገዴን በዚህ ሲዲ ነው የምለካው። ስለዚህ ሲዲውን አልመልስም።

ግን ቅዳሜ ሱቁ እሄዳለሁ። 350 ለ14 ሲካፈል 25 ብር ነው። እሷን ይመልስልኝ።