ኤርታ አሌ፦ የአስጎብኚ አገልግሎት ግምገማ

ከሰመራ ተነስተን ወደ ኤርታ አሌ በተጓዝንበት ጊዜ ካገኘነው አገልግሎት ሁሉ የላቀው የአፋሩ መሪያችን ማብራሪያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ከፍ የሚለው ይህ እሳተ ገሞራ እንደተደፋ ጋሻ የተንጣለለው ቀጭኑ የባዛልት ቅልጥ አለት ርቆ ስለሚፈስ መሆኑን፣ በአንጻሩ ወፍራምና ጋዝ ያመቀ ቅልጥ አለት ያላቸው ተራሮች በኃይል ፈንድተው አመድ እንደሚተፉ በትዕግሥት አስረድቶናል። የረጋው ጥቁር አለት እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ሲረግጡት እየተንኮሻኮሸ የሚሰበር በመሆኑ ወፍራም ጫማ የግድ ያስፈልጋል።

ምግቡ መልካም ነበር። ድርጅቱ ጭምብል አለማዘጋጀቱ ግን ከባድ ጉድለት ነው፤ ነፋሱ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር የድኝ ጋዙ ጉሮሯችንን እየከረከረው በነጠላ አፋችንን ሸፍነን ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገደናል።

ከከርሰ ምድር ስለሚገኝ የእንፋሎት ኃይል መሪያችንን ስንጠይቀው፣ በዚያው በስምጥ ሸለቆ የሚገኘውን የአሉቶ ላንጋኖን ጣቢያ ጠቀሰልን፤ በዚያ ከ2,000 ሜትር በላይ ከጠለቁ ጉድጓዶች የሚወጣው እንፋሎት ተርባይን አሽከርክሮ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። መሪውን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ድርጅቱን ግን ጭምብል ሲያሟላ ብቻ።