አንክቲል ወይስ ፑሊዶር?

ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ዣክ አንክቲል ታላቁን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን 5 ጊዜ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ከዚያም ከ1961 እስከ 1964 በተከታታይ። ተቀናቃኙ ሬይሞን ፑሊዶርስ? አንድም ጊዜ! የውድድሩ መሪ የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለአንድ ቀን እንኳ አልለበሰም። የፈረንሳይ ሕዝብ ልብ ግን ከፑሊዶር ጋር ነበር።

አንክቲል ስሌተኛ ነው። ብቻውን ከሰዓት ጋር ሲወዳደር የሚችለው አልነበረም፤ ተራራ ላይ ግን የሚበቃውን ያህል ብቻ ይለፋል። ፑሊዶር ዳገት ላይ ነው የሚያምርበት። በ1964ቱ ቱር ፑይ ደ ዶም የሚባለው ተራራ ላይ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ ወጡ። መጨረሻ ላይ ፑሊዶር ጥሎት ሄደ፤ ሆኖም አንክቲል አጠቃላይ መሪነቱን በ14 ሰከንድ አተረፈ። ውድድሩ ሲያልቅ ፓሪስ ላይ በ55 ሰከንድ አሸነፈ።

ለውጤት ከሆነ አንክቲል፣ ምንም ክርክር የለውም። ለማየት ግን እኔ ፑሊዶርን እመርጣለሁ። ደግሞ «ዘላለም ሁለተኛ» የሚሉት ነገር ግፍ ነው፤ በዚያው በ1964 የስፔኑን ታላቅ የብስክሌት ውድድር ቩዌልታን ወስዷል።